የቅጣት ደብተሩ

አመሻሽ ላይ ከጊዮርጊስ በታች ባለው መንገድ ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ እግሬን አፍታታለሁ። ሐኪም ነው ያዘዘኝ። የድሮ ኳስ ተጫዋች ጉልበት ደረጃ ሲያይ ይጮኻል። ባለፈው ሳምንት በዚያው ሰዓት ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች አንድ ዓይነት ቱታ ለብሰው ከፊቴ አለፉ። ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፣ አረማመዳቸው ይናገራል። ይሳሳቃሉ፣ ይገፋፋሉ፣ አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሐይቁን ይቀርጻል።

መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ቀረት ብሎ ይመጣል። ቢበዛ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። በግራና በቀኝ የኳስ ከረጢት ተሸክሟል፤ የውሃ ኮዳዎቹን መያዣ በጥርሱ ሊይዘው ምንም አልቀረው። ከፊት ካሉት አንዱ ዞር ብሎ የሆነ ነገር ጣል አደረገበት። ቃሉን አልሰማሁትም፣ ሳቁን ግን ሰማሁ። ልጁም ሳቀ። ያቺን ሳቅ አውቃታለሁ። ጥርስ ይስቃል፤ ዓይን ግን ሌላ ቦታ ነው።

ምናልባት ምንም አልነበረም። በየቡድኑ ትንሹ ኳስ ይሸከማል፣ እኔም ተሸክሜያለሁ። ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንዲት ካርቶን አወረድኩ። ውስጧ ያረጀ ማሊያ፣ ሁለት ፎቶና አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ። ደብተሩን ከከፈትኩት ዓመታት አልፈዋል። ምን እንደተጻፈበት ግን መክፈት አያስፈልገኝም ነበር።

በ2002 ዓ.ም. እዚሁ ባሕር ዳር፣ በታችኛው ሊግ የሚጫወት የአንድ ክለብ አምበል ነበርኩ። የክለቡን ስም አልጠራም። ፕሮፌሽናል ነበርን ለማለት አፌ ይተናነቀኛል። ግን ፈርመናል፣ ደመወዝ አለን፣ ሌላ ሥራ የለንም። ታዲያ ሌላ ምን ይባላል? በወር 1,500 ብር ይከፈለኝ ነበር። ሲከፈለኝ ማለቴ ነው።

ካምፕ የምንለው ክለቡ የተከራየውን አምስት ክፍል ቤት ነው። ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ አንድ ሻወር፣ አንድ ቴሌቪዥን። ይህን የምነግራችሁ ለናፍቆት አይደለም። ስለ መልበሻ ክፍል ሲወራ ሁሌ የሚረሳ ነገር ስላለ ነው። አውሮፓ ያለ ተጫዋች ልምምድ ሲያልቅ መኪናውን አስነስቶ ቤቱ ይገባል። ሙድ የሚይዝበት ሰው ቢኖር እንኳ ማታ ያርፋል። የእኛ አገር ተጫዋች ግን ከመልበሻ ክፍሉ አይወጣም። እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ስለሚካሄድ፣ ቡድን ከነዕቃው ተነስቶ ለሳምንታት ሆቴል ይከርማል። ከቤተሰብ ርቆ፣ ከሰፈር ጓደኛ ርቆ፣ እነዚያው ሃያ ምናምን ፊቶች ከቁርስ እስከ እራት። ፊቶቹ ጥሩ ከሆኑ ገነት ነው። ካልሆኑ የት ትሄዳለህ?

በዚያ ዓመት አንድ ልጅ ወደ ክለባችን መጣ፣ ከሐይቁ ማዶ። ግራ እግሩ ጉድ ነበር። በሙከራው ቀን ከመስመር ያሻገራት ኳስ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች። አነጋገሩ የገጠር ነው፣ ለሰው ሁሉ እጅ ይነሳል፣ ስልክ የለውም። በሦስተኛው ቀን ስም ወጣለት፦ ታንኳ።

ስሙን ያወጣው ትልቁ ተከላካያችን ነው። ስለዚህ ሰው መጥፎ ብቻ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። እንደ እሱ የሚያስቅ ሰው አላየሁም። ለጋስም ነበር። ልጁ የመጣው የተቀደደ ታኬታ አድርጎ ነው፤ የመጀመሪያውን ደህና ታኬታ በገዛ ገንዘቡ የገዛለት ይኸው ሰውዬ ነው። በሁለተኛው ወር ደግሞ ማታ ማታ ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ መሬት ላይ አስቀምጦ፣ መጥረጊያ አስይዞ «ቅዘፍ!» ይለው ነበር። ልጁ ይቀዝፋል። እኛ ከአልጋችን ላይ ሆነን እንቆጥራለን። ሃያ፣ ሠላሳ። «ደቅ ደሴት ደረስክ?» ይለዋል አንዱ። «ገና ነኝ» ካለ ይቀጥላል፣ «ደርሻለሁ» ካለ «ተመለስ» ይባላል።

ባሕር ዳር ላላደገ ሰው ታንኳ የሚለው ስም ተራ ቀልድ ሊመስል ይችላል። እዚህ ላደገ ግን አይደለም። ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሠሩት፣ ወፍጮ የሚጠርቡት፣ ከሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። በጥንት ጊዜ ጉማሬ ያድኑ ነበር። በዚያ ምክንያት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማዕድ ሲለያቸው ኖሯል። የማኅበረሰቡ ስም ራሱ በዚህ ከተማ ስድብ ሆኖ ሲወረወር ሰምቼ ነው ያደግኩት። ልጁ ከእነሱ ወገን ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አልጠየቅኩትም፣ መጠየቅም የለብኝም። ቀልዱ ግን ጉልበት ያገኘው ከዚያ ነው። ማንም አላብራራም። ሁሉም ገብቶታል።

ምግብ አራት አራት ሆነን በአንድ ትሪ ነበር የምንበላው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጁ እጁን ታጥቦ ሊቀመጥ ሲል ተከላካዩ «ታንኳ ለብቻው ይቅረብለት፣ ውሃ ያስገባብናል» አለ። ክፍሉ ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ። ይህችን አፍታ ደጋግሜ አስቤያታለሁ። ከሁለት ሰከንድ አትበልጥም። አሥራ ምናምን ሰው ያየው ተከላካዩን አልነበረም፣ ልጁንም አልነበረም። እኔን ነው ያዩት። አምበሉን። ሳቅኩ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ።

ለምን ሳቅኩ? አስቂኝ ስለሆነ አልነበረም። ተከላካዩ ወዳጄ ነው፣ እሑድ ጨዋታ አለን፣ ያለ እሱ የኋላ መስመራችን ወንፊት ነው። ባልስቅ ደግሞ ቀጣዩ ዒላማ ማን እንደሚሆን አውቃለሁ። ይህ ሁሉ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተሰላ። ሰው ሲፈራ የሂሳብ ሊቅ ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጁ ለብቻው በሰሃን ይቀርብለት ጀመር።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ብዙ ቡድን ውስጥ የቅጣት ሳጥን አለ። ልምምድ ያረፈደ 10 ብር፣ ጋምባሌ የረሳ 5 ብር፣ ስብሰባ ላይ ስልኩ የጮኸ 10 ብር። ወር ሲያልቅ በተጠራቀመው አሳ ጥብስ ይበላበታል። ደብተሩን የሚይዘው አምበሉ ነው። እጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው፣ እናቴ የምትኮራበት። በዚያ ቆንጆ እጅ ጽሑፍ ሚያዝያ ላይ እንዲህ የሚል መስመር አለ፦ «ታንኳ፣ ስላልሳቀ፣ 5 ብር»።

ሌላም አለ። «ታንኳ፣ ሲቀዝፍ ስለተኛ፣ 5 ብር»። «ታንኳ፣ አኩርፎ፣ 10 ብር»። በጠቅላላው አሥራ አንድ መስመር ቆጥሬያለሁ። የልጁ ትክክለኛ ስም ደብተሩ ላይ አንድም ቦታ የለም።

ይህ ሁሉ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ስለ ማያሚ ዶልፊንስ አነበብኩ። የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ማለቴ ነው፤ ያን በእጅ የሚይዙትን፣ ሄልሜት አድርገው የሚጋጩበትን። ሕጉ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ታሪኩን ሳነብ ግን ካምፓችን ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

ጆናታን ማርቲን የሚባል ወጣት በ2012 እ.ኤ.አ. ቡድኑን ተቀላቀለ። የስታንፎርድ ልጅ ነው፣ ወላጆቹ ሃርቫርድ የተማሩ። እኛ ገጠሬ ነው ብለን የሳቅንበት ቦታ ላይ እነሱ በተቃራኒው «የተማረ፣ ለስላሳ» ብለው ሳቁበት። በጥቅምት 28 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ምሳውን ይዞ የቡድን ጓደኞቹ ወዳሉበት ጠረጴዛ ሲመጣ ሁሉም ተነስተው ትተውት ሄዱ። ትሪውን ወረወረና ከክለቡ ወጣ። አልተመለሰም። ማዕድ መለየት ማለት ይኸው ነው። እኛ ብቻ የፈጠርነው መስሎኝ ነበር።

ጉዳዩን ቴድ ዌልስ የሚባሉ ጠበቃ እንዲመረምሩ ተደረገ። ሪፖርታቸው በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ 144 ገጽ። ሪቺ ኢንኮግኒቶ የሚባለው ነባር ተጫዋችና ሁለት ጓደኞቹ ማርቲንን፣ ሌላ ወጣት ተጫዋችንና አንድ የሕክምና ረዳት በተደጋጋሚ ያዋርዱ እንደነበር አረጋገጠ። የዘር ስድብ አለበት፣ ስለ እናትና ስለ እህት የሚነገር እዚህ የማልጽፈው ነገር አለበት። በሌላ በኩል ኢንኮግኒቶና ማርቲን በሺዎች የሚቆጠር የስልክ መልእክት ተለዋውጠዋል፣ አብረው ይዝናኑ ነበር። «ጓደኛሞች ነን» ብሎ ነው የተከራከረው። እኔ አልገረመኝም። ታኬታውን የገዛለት ማን ነበር?

ቀጥ አድርጎ ያስቀመጠኝ ግን ሌላ ነው። እነሱም የቅጣት ደብተር ነበራቸው። ኢንኮግኒቶ ማርቲንን «ስለ ሰበርኩት» ብሎ በራሱ ላይ 200 ዶላር ቅጣት መዝግቧል። ሌላኛው ልጅ ደግሞ ቀድሞ ስላልተሰበረ ሽልማት ተመዝግቦለታል። ምርመራው ሲቃረብ ኢንኮግኒቶ ደብተሩ እንዲጠፋ ለጓደኛው መልእክት ላከ። ደብተሩ አልጠፋም፣ መርማሪዎቹ እጅ ገባ።

ያን ያነበብኩ ቀን ካርቶኗን አውርጄ ደብተሬን ላቃጥለው ከሰል ፊት ቁጭ ብዬ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አይመረምረኝም። ቢሆንም እጄ ፈለገ። አላቃጠልኩትም። ጀግንነት አይምሰላችሁ፣ ባለቤቴ «ምን እያጨስክ ነው ቤቱን?» ብላ ገባች።

ስለ አለቆቹ ላውራ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው። ኢንኮግኒቶ ከዳር ቆሞ የሚረብሽ ተራ ተጫዋች አልነበረም። የቡድኑ የአመራር ምክር ቤት አባል ነበር። ወጣቶቹን እንዲመራ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው ያንን ያደረገው። የእሱን መስመር የሚያሰለጥነው ጂም ተርነር ያውቅ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሌላኛው ወጣት ላይ በተደረገው ማላገጥ ራሱ ተካፍሏል። ሪፖርቱ በወጣ በአምስተኛው ቀን ተባረረ፣ ከዋናው የሕክምና ባለሙያ ጋር። ዋናው አሰልጣኝ ጆ ፊልቢን ግን አላወቁም ነበር ተባለ፤ ሥራቸው ላይ ቆዩ።

እዚህ ጋ ከሪፖርቱ ጋር አልስማማም። አላወቁም ማለት ነፃ ናቸው ማለት እንዴት ይሆናል? አንድ አሰልጣኝ የተጫዋቹ ጉልበት ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ ያውቃል። ስንት ኪሎ እንደጨመረ፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደገባ ያውቃል። ለብቻው እንደሚበላ አለማወቅ ግን ይፈቀድለታል። አለማወቅ አንዳንዴ ሥራ ነው። ተግቶ የሚሠራ ሥራ።

የእኛን አሰልጣኝ አስታውሳለሁ። ምግብ የምታበስልልን ሴትዮ ነበረች፣ ሁላችንም እታለም ነበር የምንላት። ሰሃኑ ሳይነካ ሲመለስ የምታየው እሷ ናት። አንድ ቀን እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ አሰልጣኙ ስትሄድ በር ላይ ነበርኩ።

«አሰልጣኝ፣ ያ ልጅ እህል አይቀምስም። ሌሊት ያስቀዝፉታል አሉ። ምንድን ነው ነገሩ?»

«የወንዶች ቀልድ ነው እታለም። አንቺ ወጥሽን አማስዪ።»

ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «ደህና አይደል?» አለኝ። ጥያቄ አልነበረም፣ ፊርማ ነው የጠየቀኝ። «ደህና ነው አሰልጣኝ» አልኩ። በቃ። እሱ አምበሉን ጠይቋል፣ አምበሉ ደህና ነው ብሏል። ቡድን መሪው ደግሞ አሰልጣኙን ጠይቋል። ቢሮ ያሉት ቡድን መሪውን ጠይቀዋል። እንዲህ እየተባለ ወደ ላይ ሲወጣ ሁሉም ጠይቆ፣ ሁሉም ደህና ነው ተብሎ፣ ልጁ ማታ ይቀዝፋል። ከመላው ክለብ ውስጥ አፏን ሞልታ የጠየቀች ሴትዮዋ ብቻ ነበረች፤ በክለቡ የደመወዝ መዝገብ ላይ የመጨረሻዋ ስም።

በሚቀጥለው ጠዋት አንዱ ነባር ተጫዋች ኩሽና በር ላይ ቆሞ «አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እታለም» ሲላት ሰምቻለሁ። በጣና ዳር ይህ ተረት ለመምከርም ለማስፈራራትም ያገለግላል። ዝም አለች። ግን የልጁን ሰሃን ራሷ ይዛ እየወጣች አጠገቡ ተቀምጣ ትበላ ጀመር። እኛ በዚያም ሳቅንበት።

ልጁ ራሱ ለምን አልተናገረም የሚለኝ ሰው አለ። ለማን? ያንን ጥያቄ መጀመሪያ መልሱልኝ። ቋሚ አሰላለፍ የሚያወጣው አሰልጣኙ ነው። ውል የሚያድሰው ቢሮው ነው፣ ቢሮው አሰልጣኙን ይሰማል፣ አሰልጣኙ ነባሮቹን ይሰማል። አሥራ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ከጀርባህ ደመወዝህን የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። በዚያ ላይ የቡድን ገመና አይወጣም የሚባል ነገር አለ። የመልበሻ ክፍል ነገር እዚያው ይቀራል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ያወጣው ግን ለብቻው በሰሃን የበላ ሰው እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ተረብ የሌለበት መልበሻ ክፍል የለም፤ ይሄ እውነት ነው፣ እንዲኖርም አልመኝም። በ90 ደቂቃ ጨዋታ ሦስት ለባዶ ተሸንፈህ ስትገባ አንዱ የሚወረውራት ቀልድ ነች የምታስተነፍስህ። እኔም የተላጨ ጭንቅላቴን በተመለከተ የተባልኩት መጽሐፍ ይወጣዋል። ልዩነቱ የት ነው? ለራሴ ያገኘሁት መለኪያ ቀላል ነው፦ መልስ መስጠት ይቻል ነበር ወይ? እኔ ተከላካዩን «ዝሆን» ብለው ይስቃል፣ መልሶ ይለኛል። ልጁ መልስ የሰጠ ቀን ግን ደብተሩ ላይ ተጽፏል። «አኩርፎ፣ 10 ብር»።

ይህ የጥንት ነገር ወይም የአሜሪካ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ የክሮውሊ ታውን አሰልጣኝ የነበሩት ጆን የምስ በገዛ ተጫዋቾቻቸው ላይ በተናገሩት አድሏዊ ንግግር በጥር 2023 እ.ኤ.አ. 17 ወር ታገዱ። የመጀመሪያው ኮሚሽን ሰውየው አውቀው ዘረኛ አይደሉም የሚል ነገር ጽፎ ነበር፤ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ይግባኝ ብሎ ቅጣቱ ወደ 3 ዓመት አደገ። ቀልድ ነው የሚለው መከላከያ እዚያም ቀርቦ ነበር። የትም ይቀርባል።

እኛ አገር ስለ መልበሻ ክፍል የምናወራው ሌላ ነገር ነው። በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ዋልያዎቹ እዚህ ባሕር ዳር በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ከተሸነፉ በኋላ ካፍ ስታዲየማችንን መስፈርት አያሟላም ብሎ ሲያግድ ከተማው ለወራት ሌላ ወሬ አልነበረውም። ስለ ወንበር፣ ስለ መብራት፣ ስለ ሻወር፣ ስለ ንጣፍ። ባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር የመልበሻ ክፍል ስታንዳርድ ይተነትን ነበር። እኔም አብሬ ተንትኛለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ልብስ የሚለብሱት ሰዎች እርስ በርስ ምን እንደሚባባሉ የሚመዝን ባለሙያ ግን ከየትም አይመጣም።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ያን ዓመት ግንቦት ላይ ደመወዝ ሁለት ወር ዘገየብን። ልምምድ አቆምን። ሁላችንም፣ አንድ ላይ፣ ልጁን ጨምሮ። እኔ ነበርኩ ተወካዩ። ቢሮ ገብቼ ጠረጴዛ ደብድቤያለሁ። «ተጫዋቾቼ እየተራቡ ኳስ አይነኩም» ብያለሁ፣ በዚህ አፌ። በአራተኛው ቀን ተከፈለን። ስወጣ ትከሻቸው ላይ ተሸከሙኝ። እንግዲህ ጉልበት ነበረኝ ማለት ነው። ስፈልግ ሃያ ሰው ማስቆም እችል ነበር። በዚያው ሳምንት «ቅዘፍ» ሲባል ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ልጁ የወጣው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው፣ ሁለት ጨዋታ ሲቀር። በማለዳ ዕቃውን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ በር ላይ አገኘሁት። «ወዴት ነው?» አልኩት። «እናቴን ላያት ነው» አለ። እውነት እንዳልሆነ ገብቶኛል። ኪሴ ውስጥ 100 ብር ነበረች። ሰጠሁት። «ለመሳፈሪያ ትሁንህ» አልኩት። በሁለት እጁ ተቀብሎ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ። ታኬታው በር ላይ ቀረ፤ ያ ተከላካዩ የገዛለት። አሰልጣኙ ማታ «ፀባዩ አስቸጋሪ ነበር» አለ። ሌላ ስለ እሱ የተነገረ ነገር አላስታውስም።

ያቺን መቶ ብር ለዓመታት ይዣት ኖርኩ። ሌላው ሁሉ ሲመጣብኝ እሷን ወጣ አደርጋታለሁ። «ቢያንስ እኔ መሳፈሪያ ሰጥቼዋለሁ» እላለሁ። ከደመወዜ ስንት እጅ እንደነበረች ሁሉ አስልቻለሁ።

ታዳጊዎችን የሚያሰለጥን ወዳጅ አለኝ፤ ይህን ታሪክ በከፊል ነግሬዋለሁ። እሱ ጋ የኳስ ከረጢቱን የሚሸከመው አምበሉ ነው። ሌላ ሰው ከነካው አምበሉ ይቀጣል። «ወላጆች ይስቁብኛል» ይለኛል። ከልጆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል፣ በየቀኑ ቦታ እየቀየረ። ሌላው ችግሩ ቴሌግራም ነው። ድሮ ማላገጫው መብራት ሲጠፋ ያልቅ ነበር፤ አሁን ቪዲዮ ሆኖ ስልክ ውስጥ ያድራል። እሱ መላ አላገኘለትም፣ እኔም የለኝም።

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ዘጌን ማየት ፈለጉ። ጀልባ ልንከራይ ወደብ ወረድን። ሰዎቹ «ካፒቴን! ካፒቴን!» ብለው ሲጣሩ አንድ ደልደል ያለ ሰውዬ ከሞተሩ ላይ ቀና አለ። እሱ ነው። እኔ በመጀመሪያ እይታ አወቅኩት። እሱም አወቀኝ፤ «አምበሌ!» አለና ትከሻ ለትከሻ ሰላም አለኝ። ዓይኑም ሳቀ። ለዚያ አልተዘጋጀሁም ነበር።

ስምንት ሰው ነን። ሁሉም ላይፍ ጃኬቱን እስኪያስር ሞተር አላስነሳም። አንዷ እንግዳ «ይሞቃል እኮ» አለች፤ «ይሞቃል እህቴ» አላትና ራሱ አሰረላት። መንገዱን ሁሉ ስለ እምቦጭ፣ ስለ አሳ ዋጋ፣ ስለ ነዳጅ አወራን። እንግዶቹ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲወጡ እኔ በጉልበቴ አመካኝቼ ቀረሁ። ከዛፍ ሥር ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ ተቀመጥን።

ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «ያኔ በደልንህ» አልኩት።

ቡናውን አማሰለ። ስኳር አልጨመረም ነበር፣ ዝም ብሎ አማሰለው። ስለ ቀዘፋው አላነሳም። ስለ ሰሃኑ አላነሳም። ስለ ተከላካዩ ጠየቀኝ፤ ጤናው ደህና እንደሆነ። ከዚያ ሐይቁን እያየ ተናገረ።

«እኔ ያን ቀን መሄዴ አልነበረም፣ አምበሌ። ዕቃዬን ይዤ የወጣሁት አንድ ሰው ተው ግባ እንዲለኝ ነው። አንተን ሳይ ደስ አለኝ። መቶ ብር አውጥተህ ስትሰጠኝ ገባኝ። አምበሉ ሂድ ካለ አበቃ አልኩ።»

ምን እንደመለስኩ በደንብ አላስታውስም። ይቅርታ ያልኩ ይመስለኛል። «ቡናህ ቀዘቀዘ» አለኝ። የሁለታችንንም ሂሳብ ከፈለ፣ እንቢ ብለውም አልሰማኝም።

እንግዶቹ ተመለሱ። ፎቶ እያሳዩ፣ ስለ ሥዕሎቹ እየተንጫጩ ጀልባዋ ላይ ወጡ። እኔ የኋለኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሞተሩን ሊያስነሳ እጁን ሰደደና ወደ እኔ ዞረ።

«አምበሌ፣ ጃኬቱን።»

ማሰሪያው እጄ ላይ አልያዝ አለኝ። ቆሞ ጠበቀኝ።